ስንዴው የቀጨጨበት፣ ግብጦው የለመለመበት ማሳ፦ የጎጃም ኮምጣጣ አፈር ከአዮን እስከ ተፋሰስ

መስከረም ሲጠባ በባንጃ ወይም በሰከላ ቀይ አፈር ላይ የቆመ ስንዴ ቢታይ አንዱ ማሳ ሁለት መልክ ይዞ ይገኛል። ከጓሮው ጋር የተያያዘው፣ ዓመት ከዓመት አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረው ጥግ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ከዚያ ሃምሳ እርምጃ ራቅ ሲባል ሰብሉ ከጉልበት በታች ቀርቷል፣ የታችኛው ቅጠል ገርጥቷል፣ አገዳው ላይ ወይን ጠጅ የሚመስል ቀለም ይታያል። ዘሩ አንድ፣ የተዘራበት ቀን አንድ፣ ማዳበሪያውም እኩል የተበተነ ነው። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ማዳበሪያ የሚባል ያልቀመሰ፣ በአንድ እርሻ የተዘራ፣ አራሚም ጠባቂም የሌለው ግብጦ የሚባለው መራራ ጥራጥሬ ለምልሞ ቆሟል።

ገበሬው ይህን ሲያይ «መሬቱ ደክሟል» ይላል። አባባሉ ልክ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው መድኃኒት ሲፈለግ ነው። የደከመ ሰው ይመገባል፣ የደከመ መሬትም ማዳበሪያ ይጨመርለት ተብሎ ዩሪያው ከአንድ ኩንታል ወደ ሁለት ያድጋል። ምርቱ ግን ፈቀቅ አይልም፤ እንዲያውም ከዓመታት በኋላ ብሶበት ይገኛል። ጉዳቱ የሚታየው ማሳው ላይ ቢሆንም የተበላሸው ብዙ እርከን ዝቅ ብሎ፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ነውና።

የባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች በእርከን ይደረድራቸዋል፤ አቶም፣ ሞለኪውል፣ ሕዋስ፣ ኅብረ ሕዋስ፣ የአካል ክፍል፣ ዘአካል፣ የአንድ ዝርያ ስብስብ፣ የዝርያዎች ማኅበር፣ ሥርዓተ ምህዳር፣ በመጨረሻም ባዮስፌር። ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል። አይፈረድበትም፤ እንደ ሰልፍ ብቻ ከተደረደረ ምንም የሚናገር ነገር የለውም። ድርድሩ ዋጋ የሚያገኘው አንድ ነገር ሲበላሽና «የተሰበረው የትኛው እርከን ላይ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። የጎጃም ኮምጣጣ አፈር ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የተመቸ ነው።

ከሁሉ በታች ያለው አሉሚኒየም

ከኦክስጅንና ከሲሊከን ቀጥሎ በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛት ሦስተኛው ንጥረ ነገር አሉሚኒየም ነው፤ በክብደት 8 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቀይ አፈር ውስጥ ሞልቷል፤ ሆኖም አብዛኛው በሸክላው ማዕድን ውስጥ ታስሮ ስለሚኖር ማንንም አይጎዳም። እስሩ የሚፈታው አፈሩ ሲኮመጥጥ ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ፣ ባለ ሦስት አዎንታዊ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) አዮን፣ ማለትም ሙል ያለው ቅንጣት፣ ሆኖ ወደ አፈሩ ውኃ ይገባል። ፒኤች አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር ኮምጣጣነቱ አሥር እጥፍ የሚጨምር መለኪያ ነው፤ በ0.5 ብቻ እንኳ ሦስት እጥፍ ያህል ይጨምራል። የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ «5.0» ተጽፎ ሲያይ «ከ5.5 ብዙም አይርቅም» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጎጃም ላይ ለምን በረታ? እንጅባራ አካባቢ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይዘንባል። ንጹሕ የዝናብ ውኃ ራሱ፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀላቀልበት፣ ፒኤቹ 5.6 ገደማ ነው። ይህ ውኃ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየሰረገ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ፖታሲየሙን አጥቦ ወደ ዓባይ አውርዶታል፤ ቦታቸውን ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ያዙት። ሰው የጨመረበትም አለ። እህሉም ጭዱም ከማሳው ተጠርጎ ይወጣል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፣ አመዱ ጓሮ ይደፋል። ጥቁር አረንጓዴው ጥግ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ የሜዳው ካልሲየም በጭድና በኩበት ተጉዞ ቤት ገብቷል።

ዩሪያም የራሱን ያዋጣል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። የአፈር ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ወደ ናይትሬት ሲለውጡት አሲድ ይለቃሉ፤ ያን አሲድ ለማምከን ከ80 ኪሎ በላይ ንጹሕ ኖራ ይፈለጋል። ሁለት ኩንታል የሰጠ ገበሬ ሳያውቀው የ160 ኪሎ ኖራ ዕዳ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ያውም በየዓመቱ።

በሀገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት ተጠቅቷል የሚለው ግምት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ከጎጃም ባንጃ፣ ፋግታ ለኮማ፣ ሰከላ፣ ጎዛምን፣ ማቻክልና የጮቄ ዙሪያ ወረዳዎች ስማቸው ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ከሥሩ ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር

የስንዴ ሥር የሚረዝመው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ጫፉ አፈር እየፈተገ የሚልጠው ቆብ አለው። ከቆቡ ጀርባ ሕዋሳት የሚከፋፈሉበት ቦታ አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ የተወለዱት ሕዋሳት የሚለጠጡበት ቦታ ይገኛል። አንድ ሕዋስ ሲወለድ ርዝመቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ነው፤ መቶው ቢደረደር ከ2 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ከዚያ አሥር እጥፍ ያህል ይለጠጥና ጫፉን ወደ ታች ይገፋዋል። ጤነኛ ሥር እንዲህ እያለ በቀን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

አሉሚኒየም የሚመታው ይህችኑ ቦታ ነው። በሕዋሱ ግድግዳ ውስጥ ፔክቲን የሚባል ሞለኪውል አለ፤ አሉታዊ ሙል ስላለው ካልሲየም ይይዘዋል፤ አያያዙ የላላ ስፌት ዓይነት ስለሆነ ግድግዳው መለጠጥ ይችላል። ባለ ሦስት ሙል የሆነው አሉሚኒየም ሲመጣ ካልሲየሙን ገፍቶ ቦታውን ይወስዳል። የእሱ ስፌት ጠበቅ ያለ ነው፤ ግድግዳው ይደነድናል፣ ሕዋሱ መለጠጥ ያቅተዋል። ሕዋሱ በበኩሉ እንደ ቁስል ቆጥሮት ካሎዝ የሚባል ነገር ያመርትና ከጎረቤቶቹ ጋር የሚገናኝባቸውን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በሰዓታት ውስጥ ሥሩ መርዘሙን ያቆማል።

ልብ መባል ያለበት ሕዋሱ አለመሞቱ ነው። አንዱ ሕዋስ ለብቻው በማይክሮስኮፕ ቢታይ ግድግዳው ትንሽ ወፍሯል ከማለት በቀር የሚያስደነግጥ ነገር አይገኝም። ነገሩ ጉዳት የሚሆነው አንድ እርከን ሲወጣ ነው፤ ኅብረ ሕዋሱ እኩል ካልተለጠጠ ጫፉ አይንቀሳቀስም። ሌላ እርከን ሲወጣ ሥሩ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ጎንና ጎኑ አጫጭር ጉቶ ያበቅላል፤ ፀጉረ ሥሩም ይሳሳል። ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ሜትር አልፎ መውረድ የሚችለው ስንዴ በላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ተኮራምቶ ይቀራል።

ተክሉ ላይ እንግዲህ ሁለት ሌላ በሽታ የሚመስል ነገር ይታያል። ዝናብ አሥር ቀን ሲያቋርጥ ስንዴው ይጠወልጋል፤ ግማሽ ክንድ ቢቆፈር ግን አፈሩ እርጥብ ነው። ውኃው አለ፣ የሚደርስበት ሥር የለም። ወይን ጠጅ ቀለሙ ደግሞ የፎስፎረስ ረሃብ ነው። ገበሬው ኤንፒኤስ ሰጥቷል፤ ይህ ማዳበሪያ በኦክሳይድ ስሌት 38 በመቶ ፎስፎረስ አለው። ነገር ግን ፎስፌት ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ሲገናኝ ተጣብቆ ይቀራል፤ የተረፈውን የሚለቅመው ፀጉረ ሥርም ስስ ነው። «ዝናብ አጠረው» ያለውም «ማዳበሪያ አነሰው» ያለውም አልዋሸም። ሁለቱም ያዩት ተክሉን ነው፤ ሥሩን ያጠበ የለም።

ሥሩን ለማየት ስንዴውን በእጅ ጎትቶ መንቀል አይጠቅምም፤ የሚፈለገው ጫፍ ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ከተዘራ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት፣ ከግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ በአካፋ ዙሪያውን ቆርጦ ከእነጓሉ ማውጣት፣ ጓሉን በባልዲ ውኃ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እየነቀነቁ ማጠብ ይሻላል። ከጓሮው ጥግ ሦስት፣ ከሜዳው ሦስት ታጥቦ በነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ጎን ለጎን ቢጋደም ልዩነቱ ማብራሪያ አይሻም። የጓሮው ሥር ነጭ፣ ረጅምና እንደ ጢም የተበተነ ነው። የሜዳው አጭር፣ ቡናማና ጫፉ የደነዘ ነው።

ግብጦ ምን አለው?

ግብጦ ፎስፎረስ ሲያጣ ሥሩ ላይ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የመሰለ ክፍል ያወጣል፤ በአንድ ሴንቲ ሜትር ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ሚሊ ሜትር ሚሊ ሜትር የሚያህሉ ሥሮች ይጨናነቃሉ። እነዚህ ቅንጣት ሥሮች ካደጉ በኋላ ለጥቂት ቀናት ብቻ ሲትሬት በብዛት ይለቃሉ። ሲትሬት ሎሚን ከሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ የሚገኝ ነው። አሉሚኒየምና ብረት ሲያገኝ አቅፎ ይይዛቸዋል፤ ታስሮ የነበረው ፎስፌት ይለቀቃል፣ በሲትሬት የተያዘው አሉሚኒየምም ሥሩን መውጋት አይችልም። ኮምጣጣ አፈርን በኮምጣጣ ማለት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ እርከኖቹ በሌላ አቅጣጫ ይታያሉ። ሲትሬት ለብቻው ዋጋ የለውም፤ አንድ ሕዋስ የሚለቀው ጠብታ ወዲያው በአፈር ውኃ ተበርዞ፣ በባክቴሪያ ተበልቶ ያልቃል። የሚሠራው መቶ ቅንጣት ሥሮች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ሲለቁት ነው። ችሎታው ሞለኪውሉ ላይም ሕዋሱ ላይም የለም፤ ሥሮቹ አንድ ላይ በተጨናነቁበት አደረጃጀት ላይ ነው የሚገኘው። አብዛኞቹ ሰብሎች ፎስፎረስ ለመልቀም ከፈንገስ ጋር ይወዳጃሉ፤ ግብጦ ያን ወዳጅነት ትቶ ብቻውን ይሠራል።

ነጻ ነገር ግን የለም። ሲትሬቱ የሚሠራው ቅጠሉ ከሠራው ስኳር ነው፤ ፍሬ ሊሆን ይችል የነበረ ካርቦን አፈር ውስጥ ይፈስሳል። ፍሬውንም በመራራ ነገር ይጠብቀዋል፤ ሉፓኒንና ዘመዶቹ የሆኑት አልካሎይዶች ከብቱን ያርቁታል፣ ጎጃሜውንም ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ለቀናት በወራጅ ውኃ እንዲዘፈዝፈው ያስገድዱታል። ከዚያ በኋላ ነው ተልጦ ለቁርስ የሚቀርበው፤ ወይም አረቄ የሚሆነው። አንድ መራራ ሞለኪውል ማሳውን ከእረኛ ነጻ ያደርገዋል፤ እርከን ዘልሎ መሥራት ማለት ይህ ነው።

ስንዴም ፈጽሞ መከላከያ ያጣ አይደለም። አንዳንድ ዝርያዎች ከሥራቸው ጫፍ ማሌት የሚባል የሲትሬት ዘመድ ይለቃሉ፤ ማሌቱ የሚወጣበትን በር የሚከፍተው ጂን እ.ኤ.አ. በ2004 ተለይቶ ታውቋል፤ መቀመጫውም የዳቦ ስንዴ 4ዲ የሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ይከተላል። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞዞም ሲኖረው የፓስታ ስንዴ 28 ብቻ ነው ያለው፤ የዲ ወገን ክሮሞዞሞች የሉትም። ስለዚህ በኮምጣጣ አፈር ላይ የፓስታ ስንዴ በአመዛኙ ከዳቦ ስንዴ ይብስበታል። ገብስ ከእህሎቹ ሁሉ ስስ ነው። አጃ፣ የጮቄ ሰው እንግዶ የሚለው፣ ይሻላል። ስንዴና ራይ የሚባለው የስንዴ ዘመድ እህል ተዳቅለው የተገኙት ትሪቲካሌም ከራይ የወረሰው ጽናት አለው። ድንችም ይችለዋል፤ አዊ ላይ ድንች የበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑ አይቀርም።

ባቄላ የተለየ ነው፤ የሚሰበረው ከሌላ ፍጡር ጋር ያለው ግንኙነት ላይ ነው። ሥሩ ላይ የሚያብጡት እንክብሎች ውስጥ የሚኖሩት ራይዞቢየም ባክቴሪያዎች ከባቄላው በፊት በአሲድ ይጠቃሉ። ባቄላው ይበቅላል፣ ያብባል፣ ሆኖም ናይትሮጅን የሚያቀብለው የለም። ምርመራው ቀላል ነው፤ ሲያብብ አንዱን አውጥቶ እንክብሉን በጥፍር መሰንጠቅ። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ይሠራል፤ ነጭ፣ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቤቱ አለ፣ ሠራተኛ የለም። የግብጦ ባክቴሪያ ከባቄላው ወገን ይልቅ አሲድ ይችላል።

ኖራው የሚበላሽባቸው መንገዶች

ኖራ የሚሠራው ታችኛው እርከን ላይ ነው። ካልሲየም ካርቦኔቱ አሲዱን ሲያመክን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይወጣሉ፣ አሉሚኒየሙ ከውኃው ተለይቶ ጎጂ ወዳልሆነ ደቃቅ ነገር ይለወጣል፣ ካልሲየሙም ቦታው ይመለሳል። ፈውሱ ግን የሚደርሰው ቅንጣቱ የነካው አፈር ላይ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ስህተት ከዚህ ይመነጫል።

መጠኑን የሚወስነው ፒኤች ብቻ ሳይሆን ላቦራቶሪው የሚለካው ተለዋጭ አሲድ፣ ማለትም በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ ተይዞ ያለው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ነው። አንድ ሄክታር እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ እፍጋቱ በኩብ ሴንቲ ሜትር 1.2 ግራም ከሆነ፣ 1800 ቶን አፈር አለው። ተለዋጭ አሲዱ በኪሎ አፈር 2 ሴንቲሞል (ላቦራቶሪው የሚጠቀምበት የመጠን መለኪያ) ቢሆን፣ ያን ለማምከን 1800 ኪሎ ንጹሕ ኖራ ይበቃል በስሌት። ሜዳ ላይ ግን ሁሉም ቅንጣት ስለማይሠራ በ1.5 ይባዛል፤ 27 ኩንታል በሄክታር፣ በጥማድ (ሩብ ሄክታር) 7 ኩንታል ገደማ። የኖራው ጥራት 80 በመቶ ከሆነ በሄክታር ወደ 34 ኩንታል ይወጣል። እነዚህ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የቀረቡ ስለሆኑ የጎረቤት ማሳ ውጤት ለራስ አይወሰድም፤ ሁለት ጥማድ ልዩነት ላይ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ናሙናው ከ15 እስከ 20 ቦታ በዚግዛግ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ተወስዶ፣ በንጹሕ ባልዲ ተደባልቆ፣ አንድ ኪሎው ጥላ ላይ ደርቆ ይላካል። የጓሮ ጥግ፣ የድሮ በረት፣ የተቃጠለ ቦታና ድንበር ይዘለላሉ። አንድ አካፋ የጓሮ አፈር ከገባበት ውጤቱ ውሸት ነው።

ሩብ ሚሊ ሜትር በሚያህል ወንፊት የሚያልፍ ዱቄት በአንድ ክረምት ይሠራል፤ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ጠጠር ለዓመታት ጠጠር ሆኖ ይቀራል። በእጅ ሲሻሽ እንደ ዱቄት ካልተሰማ መጠራጠር ያስፈልጋል። አቼቶ ወይም ሎሚ ሲንጠባጠብበት ከፈላ ካርቦኔት አለው፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ይህ አይናገርም። የግድግዳ ኖራ ሌላ ነገር ነው፤ ተቃጥሎ የተሠራ ስለሆነ እጅና ዓይን ይጎዳል፣ ጉልበቱም ስለሚበዛ በዚያው መጠን መበተን የለበትም።

መበተኛው ጊዜ ከመዝራት አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ካራሰ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ነው። ገመሳው ካለቀ በኋላ ተበትኖ በሁለተኛው እርሻ መቀላቀል አለበት። ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ አንድ ጊዜ ታርሶ ብቻ ከተተወ ኖራው መስመር መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ቡቃያውም መስመር መስመር ሆኖ ይበቅላል። ላይ ላዩን የቀረ ኖራ ወደ ታች አይወርድም ማለት ይቻላል፤ በዓመት የሚጓዘው በጣም ትንሽ ነው። ዩሪያ በተበተነበት ቀን ኖራ ከተጨመረ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ኤንፒኤስም ከኖራ ጋር በአንድ ጊዜ እንዳይገናኝ ሳምንታት ማራራቅ ይገባል።

ሲበዛም ይበላሻል። ለስንዴ ከ5.5 እስከ 6 ከበቂ በላይ ነው። ፒኤቹ ከ6.5 ቢያልፍ ዚንክ ይታሰራል፣ ድንችም ቆዳውን የሚያሻክር እከክ ይይዘዋል። ግብጦ ደግሞ ኖራ የበዛበትን አፈር አይወድም፤ ቅጠሉ ይገረጣል። ስለዚህ ኖራ የተሰጠው ማሳ ለስንዴ፣ ለገብስና ለባቄላ ይያዝ፣ ግብጦው ባልተሰጠው ላይ ይቅር።

ማሳ ላይ ከመበተን በፊት በሁለት ጣሳ መሞከር ይቻላል። ከማሳው አንድ አንድ ኪሎ አፈር ይሞላል፤ አንዱ ላይ 1.5 ግራም ኖራ፣ የሻይ ማንኪያ ሲሶ ያህል፣ በደንብ ይቀላቀላል። ከላይ ያለው የ27 ኩንታል መጠን በኪሎ አፈር ሲሰላ ይህ ነው። ሁለቱም ለሁለት ሳምንት እርጥበታቸው ተጠብቆ ይቆያሉ፤ ይህ ጊዜ ከተዘለለ ሙከራው ከንቱ ነው። ከዚያ አሥር አሥር የስንዴ ፍሬ ይዘራል፤ በሳምንቱ ታጥቦ ረጅሙ ሥር በማስመሪያ ይለካል። የኖራው ጣሳ ሥር በግልጽ ካልበለጠ የማሳው ችግር አሉሚኒየም ላይሆን ይችላልና ሌላ መፈለግ ነው።

ከማሳው በላይ

አዊ ላይ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ለደከመ መሬት ሌላ መልስ አግኝቷል፤ ዲከረንስ። ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ነው፤ ችግኙ ከጤፍ ጋር አብሮ ይተከላል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፣ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። ዛፉ ናይትሮጅን ያመጣል፣ ከከሰሉ ቦታ የቀረው አመድ እንደ ኖራ ያገለግላል። ይህ ከሕዋስና ከሥር ተነጥሎ በመልክዓ ምድር እርከን የተገኘ መፍትሔ ነው፤ ገንዘብም አምጥቷል። የአንድ ዝርያ ስብስብ እርከን ላይ ግን ድክመት አለው፤ ወረዳ ሙሉ አንድ ዛፍ፣ ያውም ዕድሜው የተቀራረበ፣ አንድ በሽታ ሲገባበት የሚያቆመው የለም። በቅርብ ዓመታት የታየውም ይኸው ነው። ከሰሉ ደግሞ ከአካባቢው ይወጣል፤ ካልሲየሙም አብሮ ወደ ከተማ ይሄዳል። እንጨቱ ተነቅሎ የተሸጠ ባሕር ዛፍም ከዚህ አይለይም።

የኖራው ድንጋይ የት ነው ከተባለ፣ ከጎጃም እግር ሥር ነው። ቀዩ አፈር የተገኘው ከላይ ከተነባበረው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይታያል። በጁራሲክ ዘመን ቦታው ባሕር ሳለ፣ ካልሲየም ከውኃ እየለቀሙ ዛጎል የሠሩ ፍጡራን ያስቀሩት ነው። ባዮስፌር የሚባለው የመጨረሻው እርከን ለተማሪው ሩቅ ይመስለዋል፤ እዚህ ግን በከረጢት ተሞልቶ በኩንታል ይመዘናል።

ክብደቱ ነው አስቸጋሪው። ለአንድ ሄክታር ሁለት ወይም ሦስት ኩንታል ማዳበሪያ የለመደ ገበሬ 27 ኩንታል ሲባል ይደነግጣል። መኪና እስከሚደርስበት ደርሶ ከዚያ አህያ 50 ኪሎ ብትሸከም 54 ምልልስ ነው። ለዚህ ነው መጠኑን ሩብ አድርጎ በየዓመቱ በዘሩ መስመር ብቻ መጨመር የሚመከርባቸው ቦታዎች ያሉት። ጉልበትና ብር ይቆጥባል፣ በመጀመሪያው ዓመትም ለውጥ ይታያል። ነገር ግን የዳነው መስመሩ ብቻ ነው። ስንዴው በ20 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቢዘራ፣ የጎን ሥሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሄዶ ከመስመሩ ሲወጣ ያው አሉሚኒየም ይጠብቀዋል፤ ወደ ታችም እንዲሁ። በዚህ መንገድ የሚጀምር ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት መስመሩን ካለፈው መስመር መካከል ቢያውል፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሙሉው መጠን ገብቶለታል። ኖራው የሚቆየው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው፤ ስለዚህ በአምስተኛው ዓመት ናሙናው እንደገና ይወሰዳል፣ አካፋና ባልዲውም እንደገና ይወጣል።